ስድስተኛው ኪስ

ሐርጌሳ ውስጥ ቢላ ለማሳደር ከእኔ ቤት የተሻለ ቤት የለም፤ ልጅ የለበትም። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም። የሥራ ባልደረባዬ ናት ያለችው፣ ያውም ልታሞግሰኝ ብላ። ኮድቡር ሰፈር የተከራየኋት አንድ ክፍል ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ አልጋዬን፣ መጽሐፎቼን የያዙትን ሦስት ካርቶኖች፣ ጠረጴዛዬንና ብቸኛዋን ወንበሬን በዓይኗ አዳረሰችና፣ "ወላሂ፣ ለቢላ የተሠራ ቤት ነው" አለች። አመሰገንኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ሁለታችንም አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ውስጥ ለሚገኝ አንድ የሰርግ አዳራሽ እናበስል ነበር። እኔ ሥጋ እበልታለሁ፤ እሷ ሽንኩርቱንና አትክልቱን ትይዛለች። አዳራሹ የራሱ ቢላዎች አሉት፤ ቲማቲም ይጨፈልቃሉ እንጂ አይቆርጡም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቢላ ይዞ ይመጣል፣ ማታም ይዞ ይሄዳል። ትቶ የሄደ ሰው በማግስቱ ቢላውን የሚያገኘው አንድ ሰው የድልህ ቆርቆሮ ከከፈተበት በኋላ ነው። የከፈተው ማን እንደሆነ ተጠይቆ ያመነ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እሷ የወሎ ልጅ ናት፤ ከእኔ አሥር ዓመት ያህል ታንሳለች። ባሏ የቀን ሥራ የሚሠራ ሰው ነው። አያሃ ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ በተሠራ አንድ ክፍል ቤት ከአራት ልጆች ጋር ይኖራሉ። በዚያ ቤት ልጅ የማይደርስበት ቦታ አልነበረም። ቢላዋን ፍራሽ ሥር አስቀመጠችው፤ ሁለተኛው ልጇ አገኘው። ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበረችው፤ አገኘው። በጨርቅ ጠቅልላ ጣሪያው ማገር ላይ ሰካችው፤ ጀሪካን ላይ ጀሪካን ደርቦ ወጥቶ አወረደው። በመጨረሻ የእህቱን ነጠላ ጫማ እንደ ዳቦ ሲቆራርጥበት ደረሰችበት። በዚያው ቀን ቢላውን በፎጣ ጠቅልላ ወደ እኔ አመጣችው።

እኔ ደግሞ ባዶ ኪስ ነበረኝ።

የቆዳ ጥቅሌን የሰፋልኝ መርካቶ የሚገኝ አንድ ቦርሳ ሰፊ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴን ተከትዬ ወደ ሐርጌሳ ልመጣ ዕቃ የምሸክፍበት ሰሞን ነበር። ቢላዎቼን ጋዜጣ ላይ አስተኝቼ በእርሳስ ዙሪያቸውን እያሰመርኩ ልኬቱን ሰጠሁት። አምስት ነበሩ፤ የአጥንት መስበሪያው፣ ሥጋ ከአጥንት የምለይበት ቀጭኑ፣ ረጅሙ፣ መካከለኛውና ለልጣጭ የምትሆነው ትንሿ። ሰውዬው ጋዜጣውን ሲያይ ቆየና፣ "እሜቴ፣ ሙያዎ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ምግብ አበስላለሁ።"

"ለማን?"

"ለሚበላ።"

ጋዜጣውን አጥፎ ያዘ። በሳምንቱ ስመለስ ግን ስድስት ኪስ ሰፍቶ ጠበቀኝ። አምስት ነው ያዘዝኩት ብዬ ተከራከርኩ። አምስት ከሆነ ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ ቆዳ ሲታጠፍ ሚዛን ይፈልጋል አለ። ሥራውን አሳምሮ ላልሠራበት ሰበብ የሚፈጥር መስሎኝ ነበር። እንደ ልማዴ ተሳስቼ፣ እንደ ልማዴም አጥብቄ ተከራከርኩት። ስድስተኛው ኪስ ለብዙ ዓመት ባዶውን ኖረ። ባለቤቴ ፈቶኝ ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ሲይዝ፣ ድሬዳዋ ያሉ ዘመዶቼ በሙሉ "መቼም ትመለሳለች" ሲሉ፣ "ትመለሳለች" ስላሉ ብቻ ስቀር፣ ኪሱም እንደ እኔ፣ ቦርሳ ሰፊው ያሰበለትን ሥራ ሳያገኝ ቆየ።

የእሷ ቢላ ሲገባበት ልክ ሆነ። አጭርና ሰፊ ነው። ከደሴ ይዛው የመጣችው የድሮ ብረት ነው፤ ከማይዝገው ዓይነት አይደለም። እጀታው ተሰንጥቆ በብስክሌት ከመነዳሪ ተጠምጥሟል። ጫፉ ሹል ስለነበር የቆዳውን ስፌት እንዳይበሳ ከቴምር ካርቶን ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በክር ሰፍቼ ትንሽ ሰገባ ሠራሁለት። ከአምስቱ የራሴ ቢላዎች አንዱም እንዲህ ያለ ክብር አላገኘም።

አሁን ስለ ቆዳ ጥቅል እውነቱን ልናገር። ሲያዩት ያምራል። ከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉት ሰውን የቀዶ ጥገና ሐኪም ያስመስላል። ለቢላ ግን ከዚህ የባሰ መኝታ ማግኘት ይከብዳል። ቆዳ ውኃ ይጠጣል፤ የጠጣውንም ሌሊቱን ለብረቱ መልሶ ያጠጣዋል። በደንብ ሳይደርቅ የገባ ቢላ ጠዋት ቡናማ ነጥብ አውጥቶ ይገኛል። ሎሚ የነካው ከሆነማ ቀጥታ ነው የሚበላው። ስለዚህ ማታ ቤት ስገባ ቢላዎቹን አንድ በአንድ አወጣለሁ፣ እወለውላለሁ፣ የእሷን ደግሞ ዘይት እቀባለሁ፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንጥፌ አስተኛቸዋለሁ። ባዶውን ቆዳ አልጋዬ ላይ፣ ማንም በማይተኛበት በኩል፣ ዘርግቼ እስኪነጋ አየር እንዲያገኝ እተወዋለሁ። አልጋው ለሁለት ሰው የተገዛ ነው።

መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ሕግ አለው። ስለት ወደ ታች፣ እጀታ ወደ ላይ፤ ክዳኑ እጀታዎቹ ላይ ይታጠፋል፤ ከዚያ ይጠቀለላል፤ ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ይዞርና ይጠብቃል። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ አይቀመጥም። ባጃጅ ነጂ ፍሬን የሚይዘው ፍየል ሲያይ እንጂ ተሳፋሪ ሲያስብ አይደለም። እኔ በዳሌዬና በባጃጁ ግድግዳ መካከል አቁሜ በክንዴ እይዘዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዱ ነጂ በመስተዋቱ እያየኝ፣ "ኤዶ፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው?" አለኝ። እዚህ በዕድሜ የገፋችን ሴት እንደ አክስት ኤዶ ነው የሚሏት።

"አዎ።"

"ምን ዓይነት?"

"እሱ ዝም ይላል። የሚጮኸው ሌላው ነው።"

እስክወርድ ድረስ ወደ መስተዋቱ አላየም።

ቢላዋ እኔ ጋ ማደር ከጀመረ በኋላ በየማለዳው ስልኬ ይጠራ ጀመር። ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ልጆቿ ሳይነሱ። ሰላምታ የለም፣ ደህና አደርሽ የለም።

"ቢላዬ እንዴት አደረ?"

"ደህና አደረ። ትንሽ አንኮራፋ።"

"እራቱን በላ?"

"ዘይት ቀብቼዋለሁ።"

"ኧረ እትዬ፣ እንዳታስለምጂብኝ። የመጣበት ቤት ለሰውም ዘይት የለም።"

"እንግዲያው አይመለስማ።"

"ምን ያድርግ፣ ሆቴል ገብቷል።"

መጀመሪያ ሰሞን ቀልዱ በሳምንት ያልቃል ብዬ ነበር። ዓመት አለፈው፤ ሁለተኛው ተጨመረ። ሥራ በሌለበት ቀን እንኳ ትደውላለች። ቢላው ታመመ እላታለሁ፤ ሐኪም ጥሪለት ትላለች። ሽንኩርት ናፈቀው እላታለሁ፤ ማልቀስ ያምረዋል እንዴ ትላለች። ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ውኃ ጋሪው፣ ባሏ ስለሚሠራበት ፎቅ ትነግረኝና ስልኩ ይዘጋል። ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው።

ገበያ ውስጥ፣ መስጊድ፣ አዳራሹ ውስጥ በሶማልኛ እግባባለሁ፤ ማንም በቋንቋ አያሞኘኝም። ማንበብና ማሰብ ግን የምችለው በአማርኛ ነው። በዚህ ከተማ አማርኛ የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ ሱቅ አለ፣ ፀጉር ቤት አለ፣ ጋራዥ አለ። እኔ ግን ሰው በብዛት የምወድ ሰው አይደለሁም፤ ሰውም ይህን ቶሎ ይረዳልኛል። ሁሉም ያመሰገነውን ነገር ስሰማ ወዲያው ጉድለቱን መፈለግ እጀምራለሁ። እንዲህ ያለው ጠባይ ለሚጽፍ ሰው ይበጃል፤ ጎረቤት አያፈራም። ስለዚህ የቀኑ አማርኛዬ በሙሉ ያቺ ሦስት ደቂቃ ነበረች። እሷ ይህን አታውቅም። ለቢላዋ እንደምትደውል ነበር የምታስበው። እኔም እንደዚያ እንድታስብ እፈልግ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ያለችውንም ሴት ላስተዋውቅ። ወንዶች በሌላ በር ይገባሉ፤ ሽጉጥ የያዘ እዚያ አስረክቦ ነው የሚያልፈው። በሴቶች በኩል መጋረጃ የተጋረደባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ውስጧ አንዲት ጠንካራ ፈታሽ ተቀምጣለች። ሰርገኛ ሴቶችን ካሜራ እንዳያስገቡ ትፈትሻለች፤ እኛን ቢላ እቆጥራለሁ ብላ ታስቆመናለች። ጥቅሉን ጠረጴዛዋ ላይ እዘረጋለሁ። እሷ ሒና በቀባችው ጣቷ እያንዳንዱን እጀታ እየነካች ጮክ ብላ በሶማልኛ እስከ ስድስት ትቆጥራለች፤ ኮው፣ ለበ፣ ሰደሕ፣ አፈር፣ ሸን፣ ሊሕ። ከዚያ ደብተሯ ላይ ስድስት መስመር ትደረድራለች። ስንወጣም እንደዚያው። "ቢላ ውስጥ ከቀረ እኔ ነኝ የምጠየቀው" ትላለች። ባልደረባዬ፣ "ይህች ሴትዮ በሕልሟም ቢላ ነው የምትቆጥረው" እያለች በአማርኛ ትስቅባት ነበር። እኔ ግን አከብራታለሁ። በዚህ ዓለም ላይ የገባውንና የወጣውን የሚያስተያይ ሰው ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ማለዳ ስልኩ በሰዓቱ ጠራ። ቢላው እንዴት አደረ አላለችም።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ።"

አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከቆዳው አጠገብ።

አያሃ ውስጥ፣ ለቀን ሠራተኞች፣ ጠዋት ጠዋት ጉበትና ለሖሕ የተባለውን የሶማሌ እንጀራ የምትሸጥባት ትንሽ ቦታ አግኝታለች። ባሏ ምድጃውን ሠርቶላታል። ከአዳራሹ መልቀቋ ነው። "ባለቤቴ ደግሞ ለቢላው ሳጥን ሠራ፤ ቁልፍ ያለው። አሁን ሰይጣንም አያወርደው። እንግዲህ ልወስደው ነው። እስከ አሁን ያቆየሽልኝን አላህ ይክፈልሽ።"

እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ነበረብኝ። ከአፌ የወጣው፣ "ሳጥኑን ሳላይ አልሰጥም" የሚል ነበር።

ሳቀች። ቀልድ መስሏት ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ ባጃጅ ይዤ አያሃ ወረድኩ።

ባሏ ሳጥኑን ሲያሳየኝ እንደ ሙሽራ ያፍር ነበር። ከዕቃ ማሸጊያ ጣውላ ነው የሠራው። ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሷቸዋል። ውስጡን በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ለብዶታል። ከበሩ መቃን በላይ በሚስማር ነው የሰቀለው፤ እሱ ራሱ ለመክፈት በእግር ጣቱ መቆም አለበት። ትንሽ ጓጉንቸር ገብቶለታል፤ ቁልፉ በክር እሷ አንገት ላይ ነው። ጀሪካን ላይ ጀሪካን ቢደረብ እንኳ አይደረስበትም። ባልደረባዬ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ከአጠገቤ ቆማለች፤ ከአራቱ ልጆች የመጨረሻዋ፣ የሦስት ዓመቷ፣ ሳጥኑ ሥር ቆማ ወደ ላይ ታንጋጥጣለች። ሁሉም የእኔን ቃል ነበር የሚጠብቁት።

ጉድለት ፈለግኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጉድለት ፈልጌ አላውቅም፤ አጥቼም አላውቅም።

"እንጨት እርጥበት ይይዛል" አልኩ። "ብረቱን ይበላዋል።"

"ትናንት ቆዳ ነበር የሚበላው" አለች ባልደረባዬ እየሳቀች። "ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ለቢላ ከቆዳ የባሰ ጠላት የለም ስትዪኝ።"

"ቆዳው በየማታው አየር ያገኛል። ይህ ዝግ ነው።"

"እሺ፣ ልክፈተው በየማታው?"

"ከከፈትሽው ምኑን ሳጥን ሆነ?"

ባሏ ቀስ ብሎ፣ "ከጎንና ከጎኑ ቀዳዳ እበሳለታለሁ" አለ። ትሑት ሰው ነው። ትሕትናው ይበልጥ አናደደኝ። መጨረሻ የቀረኝን መከራከሪያ አነሳሁ። ሚስማሩን አየሁ፤ ቀጥሎ ልጅቷን አየሁ። እንዲህም አልኩ፤ "ይህ ሳጥን አንድ ቀን ከነቢላው አናቷ ላይ ይወድቃል።"

ባልየው አንገቱን ደፍቶ፣ "አስተግፊሩላህ" አለ ለራሱ። ባልደረባዬ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ልጅቷን በክንዷ ስባ ቀሚሷ ውስጥ ሸሸገቻት። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ ካመለጠ ወዲያው የሚከተል ነገር አለ፤ "አላህ ይጠብቃት"። አጭር ናት። ትልቅ ሰው ሲረሳት እንኳ አጠገቡ ያለ ልጅ ያስታውሰዋል። ሁሉም እኔ እስክናገራት ጠበቁ። ያን ያህል ጊዜ ሰጡኝ።

እኔ ግን ቃል ሚስማር አይነቅልም ብዬ የምከራከር ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ሚስማሩ ርዝመት ማስረዳት ቀጠልኩ። የቆርቆሮ ቤት መቃን ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም፣ ንፋስ ሲነሳ እንዴት እንደሚወዛወዝ አብራራሁ። ሐርጌሳ ላይ ንፋስ የሚነሳበት ወር ስለነበር ቆርቆሮው ራሱ እያንኳኳ አጀበኝ። ስጨርስ ሻዩ ቀዝቅዟል። ማንም ሌላ አልቀዳልኝም።

በሁለተኛው ቀን ቢላዋን ልትወስድ መጣች። ግቢ ብላት፣ "ምድጃ ትቼ ነው የመጣሁት" ብላ ደጃፍ ላይ ቆመች። ከኪሱ አወጣሁት፤ ወለወልኩት፤ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላት። ሁለት እርምጃ ገብታ አነሳችና ባመጣችበት በዚያው ፎጣ ጠቀለለችው።

"ካርቶኑን ውሰጂው። ጫፉ እንዳይጎዳ።"

"ሳጥን አለው" አለች።

"መንገድ ላይስ?"

"ፎጣ አለው። ስላቆየሽልኝ አላህ ይስጥልኝ።"

እትዬ አላለችኝም። ባጃጅ ስትጠራ ሰማኋት፤ ከዚያ ባጃጁ ሲሄድ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲያ ስልኩ አልጠራም። በሰዓቱ ግን እነቃለሁ። ስልኩን አነሳለሁ፤ ከስልክ ድርጅቱ የመጣ የቅናሽ ማስታወቂያ አነባለሁ፤ መልሼ አስቀምጣለሁ። በአራተኛው ቀን ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ ማንበቤን አስተዋልኩ። መደወል እችል ነበር። ምን እላለሁ? የሚያነጋግረን ቢላ የለም። ይቅርታ ለማለት ደግሞ ተሳስቻለሁ ማለት ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ስለ ሚስማሩ አልተሳሳትኩም፤ ሚስማሩ በእርግጥ አጭር ነበር። ሰው በትክክለኛ ነገር ላይ ቆሞ ብቻውን ሊቀር እንደሚችል ብዙ ቦታ አንብቤያለሁ። ያነበብኩት ሁሉ ነገሩን የጀግና ያስመስለዋል። በእውነቱ ግን ከመሰላቸት ብዙም አይለይም።

ቦርሳ ሰፊውም ልክ ነበር። ስድስተኛው ኪስ ባዶ ሲሆን ጥቅሉ ይጣመማል፤ ሞልቶ ሳላየው በፊት ግን አላስተዋልኩትም። የአጥንት መስበሪያው ክብደት ስላለው ወደ ባዶው ያዘነብላል፤ ማሰሪያው ይላላል፤ ቢላ ላስሞርድ ስወጣ በየመንገዱ ቆሜ ማጥበቅ ጀመርኩ። ባዶውን በማማሰያ ለመሙላት ሞከርኩ፤ ረዘመ። በጨርቅ ሞላሁት፤ ጨርቁ እርጥበት ያዘ። ተውኩት። የቴምር ካርቶኗን ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ፣ የእጅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ይዣት እዞር ነበር።

በአሥረኛው ቀን አዳራሹ ትልቅ ሰርግ ነበረው፤ ቢላው ከሄደ ወዲህ የመጀመሪያው። ማለዳ ደረስኩ። ፈታሿ መጋረጃዋን ገልጣ አስገባችኝ፤ ጥቅሉን ዘረጋሁ። ኮው፣ ለበ፣ ሰደሕ፣ አፈር፣ ሸን። ጣቷ ስድስተኛው ኪስ ላይ ቆመ።

"ስድስተኛው?"

"የለም።"

"ባለፈው ስድስት አስወጥቻለሁ።" ደብተሯን ገለጠችና ስድስቱን መስመር አሳየችኝ።

"የእኔ አልነበረም። ባለቤቷ ወሰደችው።"

"ያቺ ቀጭኗ?"

"አዎ። ሥራ ለቃለች።"

"ቢላውስ የለቀቀበት ወረቀት አለ?"

ቀልድ መሰለኝ። እሷ ግን ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ቀጥ ብለሽ ቁሚ አለችኝ፤ ሽፋኔን ገልጣ ከክንዴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ፈተሸችኝ። ከዚያ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። መነጽር፣ ቁልፍ፣ መጽሐፍ፣ ካርቶን። ካርቶኗን አነሳች። አፏን ከፈት አድርጋ ጣቷን አስገባች፤ የዘይቱን ሽታ አሸተተች፤ ቅርጿን ከባዶው ኪስ ጋር አመሳከረች።

"ይህ የቢላ ልብስ ነው" አለች። "ልብሱ እዚህ ካለ ባለቤቱ የት ነው?"

ካርቶኗን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም።

"ኤዶ፣ ዛሬ ሰርገኛው ብዙ ነው። ስድስተኛው የት እንዳለ ሳላውቅ አላስገባም። ልጅቷን ደውይላት።"

"ስልኳን አላውቀውም" አልኩ።

ስልኬ ከተዘረገፈው ዕቃ መካከል ነበረች። አነሳችና ሰጠችኝ። ከኋላዬ ሌሎቹ ሠራተኞች ተሰልፈዋል፤ ከወጥ ቤት ዋናው አብሳይ ሥጋው ፀሐይ እየመታው ነው እያለ ይጣራል። ወደ ቤቴ ልመለስ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው። አንድ ስልክ ከመደወል አንድ ሥራ ማጣት ቀሎ ታየኝ። ከዚያ በማግስቱ ማለዳ ማስታወቂያውን ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ታየኝ። ደወልኩ።

"አቤት" አለች። ከጀርባዋ ዘይት ይንጫጫል፣ ሰው ያወራል።

"በር ላይ ነኝ። ቆጣሪዋ ቢላሽን ጠፋ ብላ አላስገባ አለችኝ። አናግሪያት።"

ስልኩን ለፈታሿ ሰጠኋት። "ሚንዲው አንቺ ጋ ነው?" ብላ ስለ ቢላው ጠየቀች። ባልደረባዬ በገበያ ሶማልኛዋ የመለሰችው ለእኔም ይሰማል። "እኔ ጋ ነው። ጉበት እየቆረጥኩበት ነው። ስሚው።" ቀጥሎ ቢላው ጣውላ ላይ ሲያርፍ ተሰማ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ፈታሿ ጆሮዋን ሰጥታ አዳመጠች። ሦስቱ ምት በቂ ማስረጃ ሆኖ አገኘችው መሰለኝ፣ ስልኩን መለሰችልኝ።

"አለሽ?" አልኩ በአማርኛ።

"አለሁ።"

ፈታሿ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች፣ ሰልፉ ከኋላዬ ነው። አንዳቸውም እንደማይሰሙኝ አውቃለሁ። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ሆኜ ማለት ያልቻልኩትን እዚያ ቆሜ አልኩት።

"አላህ ይጠብቃት።"

"ማንን?"

"ልጅቷን። የዚያን ቀን ሳልል የቀረሁትን ነው።"

አንድ ሰው ሁለት ሻይ ጠየቀ፤ "ቆይ" አለችው።

"አሚን" አለች።

ሌላ የምትለው ያለ መስሎኝ ጠበቅኩ። እሷም የጠበቀች ይመስለኛል።

"ያቺ ካርቶን አለች?" አለች በመጨረሻ። "ጫፉ ብርድ ልብሱን እየቀደደው ነው። ባለቤቴ ሲያወርደውም ጣቱን ወጋው።"

"ፈታሿ እጅ ናት።"

"እስረኛ ሆነች?"

"ልትፈታ ነው።"

"ጁምዓ አምጪልኝ እትዬ። ጁምዓ ዝግ ነን።"

ስልኩ ተዘጋ። ፈታሿ ካርቶኗን መልሳ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች፤ ደብተሯ ላይ አምስት መስመር አሰመረችና፣ ለራሷ ማስታወሻ መሰለኝ፣ ከጎኑ አንድ ክብ ሠራች። "ግቢ" አለችኝ።

ጁምዓ ሄድኩ። ሳጥኑ ከእነ ሁለት ቀዳዳዎቹ እዚያው ነበር፤ ሚስማሩ ግን ተቀይሯል፤ ረጅም ሆኗል። ማንም ስለ ሚስማሩ አላነሳም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ልክ መሆኔን ሳልናገር ዋልኩ። ባልየው በእግር ጣቱ ቆሞ ቢላውን አወረደ፤ ካርቶኗን አለበስኩት፤ መልሶ ቆለፈው። ትንሿ ልጅ እግሬ ላይ ተቀምጣ የመነጽሬን ቤት ከፈተችና ዘጋች። ስነሳ እጄን አናቷ ላይ አድርጌ ያቺን ቃል እንደገና አልኳት፣ በሰው ፊት። ቃል ሚስማር እንደማይነቅል አሁንም አምናለሁ። ሌላ የሚነቅለው ነገር እንዳለ ግን አውቄያለሁ።

የማለዳው ስልክ አልተመለሰም። በዚህ ማንም አልበደለኝም፤ ያ ሰዓት አሁን የጉበት ሰዓት ነው፣ ቢላውም እጇ ላይ ነው፣ እንዴት አደረ ብላ የምትጠይቀው ሰው የለም። አንዳንድ ጁምዓ እሄዳለሁ፤ አንዳንዱን አልሄድም። ማታ ማታ አምስቱን ወልውዬ ጠረጴዛው ላይ አስተኛቸዋለሁ፣ ቆዳውን አልጋው ማዶ እዘረጋለሁ።

ፈታሿም ሥራዋን አላጓደለችም። አሁን የምትቆጥረው እስከ ሸን ነው። ከዚያ ግን አትጨርስም። ሒና የቀባ ጣቷን ስድስተኛው ኪስ ውስጥ ታስገባለች፤ ከፈት አድርጋ፣ ጎንበስ ብላ፣ ውስጡን ታያለች። ባዶ መሆኑን ስታረጋግጥ ክቧን ደብተሯ ላይ ታኖራለች። ስገባም፣ ስወጣም።